ወንድሜ ማስቲሽ ይስባል ላልሽው

እህቴ፣ የ14 ዓመት ወንድምሽ ማስቲሽ መሳብ ጀምሮ ጠባዩ እንደተቀየረ ጽፈሽ «እውነት አንጎል ይጎዳል? ቢተውስ ይድናል?» ብለሻል። አዲስ አበባ ውስጥ ከጎዳና ልጆች ጋር ለዓመታት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

አዎ፣ ይጎዳል። ብዙ ማስቲሽ ውስጥ ቶሉዊን የሚባል ኬሚካል አለ። ሲሳብ ከሳንባ ወደ ደም ገብቶ አንጎል ለመድረስ ሰከንዶች ይበቁታል። አንጎል ስብ የበዛበት አካል ነው፣ ቶሉዊን ደግሞ ስብ ያለበት ቦታ ላይ ቶሎ ይሰርጋል። የነርቭ ክሮቻችን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን አላቸው፤ ለረጅም ጊዜ ሲሳብ የሚጎዳው ይሄ ሽፋን ነው። ያኔ ማሰብም ማስታወስም ይዘገያል። ሚዛን የሚጠብቀው የኋለኛው የአንጎል ክፍልም አይተርፍም።

አውቶቡስ ተራ አካባቢ የሚያድር አንድ ልጅ አውቅ ነበር። ወያላ ሆኖ ሲሠራ ሂሳብ የሚያቀላጥፍ፣ ማንም የማያታልለው ልጅ። ማስቲሽ ያለባትን ሃይላንድ እጅጌው ውስጥ ደብቆ መዞር ከጀመረ በኋላ ግን ዳቦ ሲገዛ መልሱን መዳፉ ላይ ዘርግቶ ደጋግሞ ይቆጥርና ይጠፋበታል። እጁ ይንቀጠቀጣል። እግሩን ከፈት አድርጎ ነው የሚራመደው። ስሙን ስትጠሪው ቆይቶ ነው የሚዞረው። ሰዉ «ደነዘዘ፣ ባለገ» ይለው ነበር፣ እኔ ግን ይሄ ቃል ያናድደኛል። መነጫነጩ፣ በትንሽ ነገር መደባደቡ፣ ከዚያ ደግሞ ለምንም ነገር ደንታ ማጣቱ ከተጎዳው አንጎል የሚመጣ ነው። የጎዳና ልጆች ረሃቡንና ብርዱን ያስረሳናል ብለው ነው የሚጀምሩት። ወንድምሽ ቤት እያለ ምን ሊረሳ እንደፈለገ ቀስ ብለሽ ጠይቂው።

አሁን የምለውን ግን በደንብ ያዢልኝ። ስቦ እያለ አታባሪው፣ አትምቺው፣ አባታችሁም በድንገት እንዳይጮኹበት ለምኛቸው። በ1970 እ.ኤ.አ. ሚላርድ ባስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እንዲህ ያለ ነገር ስበው በድንገት ስለሞቱ 110 ወጣቶች ጽፎ ነበር፤ ዋናው ምክንያት የልብ ምት መዛባት ሳይሆን አይቀርም፣ ድንጋጤና ሩጫም ያባብሱታል ነው ያለው። ይሄ በመጀመሪያው ቀንም ሊያጋጥም ይችላል። መስኮት ክፈቺ፣ ዕቃውን ቀስ ብለሽ ውሰጂ፣ ሲነቃ ተነጋገሩ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኝተሽ ወዲያው አምቡላንስ ጥሪ።

ይድናል ወይ ላልሽው፣ ቶሎ ከተወ ብዙው ነገር ይመለሳል። በወራት ውስጥ ንግግራቸው የተስተካከለ፣ ትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች አይቻለሁ። ለዓመታት የሳበ ግን የነርቩ ሽፋን ከተጎዳ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፣ ይህን አልደብቅሽም። ሱሱን የሚያስተው ክኒን የለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ማጣት፣ ማላብ፣ መበሳጨት ይኖራል፤ ብቻውን አትተዪው። የድሮ ጓደኞቹ ጋ ካደረ ደግሞ ይመለስበታል፣ ይሄንን ደጋግሜ አይቻለሁ።

አማኑኤል ሆስፒታል ሱስ የሚያክሙ ባለሙያዎች አሉ፣ ውሰጂው። ጡንቻው ከደከመ ፖታሲየሙንና ኩላሊቱን እንዲያዩለት ንገሪያቸው፤ ቶሉዊን በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም፣ ማለት ጡንቻ እንዲሠራ የሚያስፈልገውን ማዕድን፣ እስከማውረድ ይደርሳል። የማስቲሹን ቆርቆሮ ካገኘሽ ጽሑፉን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለሐኪሙ አሳዪው፤ አንዳንዱ ውስጥ ሄክሴን የሚባል ሌላ ኬሚካል አለ፣ እሱ ደግሞ የእጅና የእግር ነርቭ ስለሚያደነዝዝ ምርመራው ይለያል።