ወንጀል ለምትተርኩ ልጆች

እኔ ዕድሜዬን በሬዲዮ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ብወጣም ጆሮዬ ጡረታ አልወጣምና የእናንተን የወንጀል ትረካ እሰማለሁ። ድምፃችሁ ያምራል፤ የሙዚቃ ምርጫችሁም ከእኛ ይሻላል። ስለ ለንደኑ ጃክ ዘ ሪፐር ስትተርኩ ግን ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ1888 ሴቶቹን የገደለው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሆኖም ሰዓቱን ሙሉ የምታወሩት ስለ እሱ ነው። የተገደሉት ደግሞ «አምስት ሴተኛ አዳሪዎች» ተብለው በአንድ ትንፋሽ ያልቃሉ።

ስለማይታወቀው ይህን ያህል ካወራችሁ፣ ስለሚታወቁት ምነው ዝም አላችሁ?

አዎ፣ ይታወቃሉ። ከእያንዳንዱ ግድያ በኋላ ስለ አሟሟታቸው በችሎት ምርመራ ተደርጓል። ባል፣ አባት፣ ጓደኛ እየቀረበ ቃሉን ሰጥቷል፤ የዘመኑ ጋዜጦችም በሰፊው አትመውታል። አኒ ቻፕማንን እንውሰድ። የሰረገላ ነጂ ሚስትና የልጆች እናት ነበረች። አንዷ ልጇ በ12 ዓመቷ ሞታባታለች። ከባሏ ከተለያየች በኋላ በየሳምንቱ 10 ሺሊንግ ይልክላት ነበር፤ በ1886 መጨረሻ እሱ ሲሞት ያም ቀረ። ዳንቴል እየሠራችና አበባ እየሸጠች ኖረች። የተገደለች ሌሊት ለአልጋ የምትከፍለው አጥታ ከማደሪያው ወጥታ ነበር፤ አስከሬኗን የመረመረው ሐኪም ደግሞ ሳንባዋና የአንጎሏ ሽፋን በበሽታ ክፉኛ መጎዳታቸውን ተናግሯል። ይህን የሰማ አድማጭ በዚያ ሌሊት ለምን ደጅ እንደነበረች ይገባዋል። በለንደኑ የድሆች ሠፈር በኋይትቻፕል አልጋ ለማግኘት 4 ፔንስ ያስፈልግ ነበር፤ እሱ ከሌለ መንገድ ላይ ነው።

ግን ደግሞ ሟችን አጥባችሁ ቅድስት አታድርጉብኝ። ሌላዋ ሟች ሜሪ አን ኒኮልስ ከመገደሏ በፊት በነበረው ቀን የአልጋዋን ዋጋ ሦስት ጊዜ አግኝታ እንደጠጣችበት ራሷ ለጓደኛዋ ነግራታለች። ተናገሩት፣ ምን ችግር አለው? አሁን አሁን ደግሞ «አንዳቸውም ገላቸውን አልሸጡም» የሚል ትረካ መጥቷል። ስዊድናዊቷ ኤልሳቤጥ ስትራይድ ግን በ1865 በጎተንበርግ ፖሊስ መዝገብ በዚሁ ሥራ ተመዝግባ ነበር። ስለ አኒና ስለ ሜሪ አን ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ ክርክር አለ ማለት አያሳፍርም። መደበቁ የባሰ ነው፤ ገላዋን የምትሸጥ ብትሆን ኖሮ ግድያው የቀለለ ይሆን ነበር የምትሉ ያስመስላችኋል።

ኤልሳቤጥ ሌላም ጣጣ አላት። በ1878 ፕሪንሰስ አሊስ የተባለች መርከብ በቴምዝ ወንዝ ስትሰጥም ባሌና ልጆቼ አለቁብኝ ትል ነበር። ባሏ ግን የሞተው በ1884 ነው። ሁለቱንም ንገሩን፣ እሷ ያለችውንም መዝገቡ ያለውንም። ምናልባት የሰው ርኅራኄ ፈልጋ ይሆናል፤ ያን ለአድማጭ ተዉለት። የሜሪ ጄን ኬሊ ታሪክ ደግሞ አብዛኛው የተገኘው አብሯት ይኖር ከነበረው ከጆሴፍ ባርኔት ነው፣ እሱም ከራሷ አፍ የሰማው። በሊመሪክ ተወለደች፣ ባሏ በማዕድን ጉድጓድ ፍንዳታ ሞተ ይባላል፤ የሚያረጋግጥ ሰነድ አልተገኘም። ስለዚህ «ለባርኔት እንደነገረችው» ብላችሁ ጀምሩ። ይህች ሐረግ ትረካችሁን አታደበዝዝም፣ እንዲያውም አድማጭ ያምናችኋል።

የሬሳ ፎቶ ለሽፋን መለጠፍ ይቅር። አኒ ከባሏ ጋር ቆንጆ ሆና የተነሳችው ፎቶ አለ አይደል? ካትሪን ኤዶውስንም ቁስሏን እየቆጠራችሁ ከምታስፈራሩን በላይዋና በአጠገቧ የተገኘውን ንገሩን። ፖሊስ አንድ በአንድ መዝግቦታል፦ ሻይ፣ ስኳር፣ መርፌ፣ የመያዣ ብድር ደረሰኝ፣ የነጠላ እጅ ጓንት። ቤት የሌላት ሴት ቤቷን ይዛ ነበር የምትዞረው።

የአገራችንን ጉዳይ ስትሠሩ ነገሩ ይብሳል፣ የሟች ልጅ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ሊሰማችሁ ይችላልና። ከመቅረፃችሁ በፊት ቤተሰቡን ፈልጉና ደውሉ። መጀመሪያ ነፍስ ይማር በሉ፣ ከዚያ ጠይቁ፤ በጋዜጣ ያልወጣ ብዙ ነገር የምታገኙት ከእነሱ ነው። እምቢ ካሉ ሌላ ታሪክ ሥሩ፤ የወንጀል ታሪክ መቼ ጠፍቶ!