የግቢ ሽያጭ ስለማዘጋጀት ለጠየቁት እህታችን

ወደ ጠባብ ቤት ልትዛወሩ ስለሆነ የተረፋችሁን ዕቃ ግቢያችሁ ውስጥ ዘርግታችሁ ለመሸጥ እንዳሰባችሁና ዋጋ አወጣጡ እንዳስቸገራችሁ ጽፈዋል። እኔና ባለቤቴም በዚሁ ምክንያት ቤታችንን ከላይ እስከ ታች አራግፈን ስለሸጥን፣ የእርስዎ ጭንቀት የእኛው ነው ብዬ እመልስልዎታለሁ። ማስታወቂያ መለጠፍን፣ ጠረጴዛ መደርደርንና ዝርዝር ገንዘብ መያዝን ሌሎች አባላት በደንብ ስላስረዱዎት አልደግመውም።

አንደኛ፣ ዋጋውን ባለንብረቱ አያውጣ። ዕቃው የራሳችን በመሆኑ ብቻ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ይመስለናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ሪቻርድ ቴለር ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተማሪዎች ለከፊሎቹ አንዳንድ ኩባያ ሰጥተው በስንት እንደሚሸጡት፣ ላልደረሳቸው ደግሞ በስንት እንደሚገዙት ቢጠይቋቸው፣ ሻጮቹ የጠሩት ዋጋ ገዢዎቹ ካሰቡት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እነዚያ ተማሪዎች ኩባያውን ከተቀበሉ ገና ብዙም አልቆዩም ነበር፤ ልጆቻችንን ያሳደግንበት ዕቃማ ምን ያህል ሊከብደን እንደሚችል ይገምቱት። እኛ ያደረግነው የእኛን ዕቃ ጎረቤታችን እንድትተምን፣ የእሷን ደግሞ እኛ እንድንተምን መስማማት ነው። ባለቤቴ ለሠርጋችን የተሰጡን ሳህኖች የተለጠፈባቸውን ዋጋ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። በሽያጩ ዕለት ግን አንዲት ሴት አንዱን ሳህን አንሥታ ገለበጠችው፣ ሥሩን በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው፣ ከዚያም ጠርዙን በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ስትዞረው፣ እኛ ስንበላበት ኖረን ያላየነውን ስንጥቅ አገኘችና «የመጨረሻው ስንት ነው?» አለች። ስለ ሠርጋችን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሴትዮዋ የፈለገችው ግን ሳህን ብቻ ነው። ጎረቤታችን ካወጣችው ዋጋ ጥቂት ቀንሰን ሸጥንላት።

ሁለተኛ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሁሉ ገዢው እዚያው ሰክቶ እንዲሞክረው ማራዘሚያ ገመድ ወደ ግቢ ያውጡ፤ «ይሠራል» የሚለውን የሻጭ ቃል የሚያምን የለም። ስለጠቀሱት የሕፃን አልጋ ግን ቁርጡን ልንገርዎት፦ ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ ዓይነት ከሆነ አይሽጡት። በአሜሪካ የዚህ ዓይነት አልጋ የሕፃናት ሕይወት በማጥፋቱ፣ ከሰኔ 2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲሱም ሆነ ያገለገለው እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ የሚኖሩበት አገር ሕግ ባይከለክልዎትም አደጋው ያው ነው። የመኪና የሕፃን መቀመጫም የአገልግሎት ማብቂያው አካሉ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ አገላብጠው ያንብቡ። አንድ ጊዜ የተጋጨ የራስ ቁር ደግሞ ከላይ ደኅና ቢመስልም ውስጡ ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ለገዢ ከመስጠት ሰብሮ መጣሉ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሳይሸጥ የሚቀረው ዕቃ የት እንደሚሄድ ከሽያጩ በፊት ይወስኑ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ልጽፈው ይገባኝ ነበር፤ እኛን ያቃጠለን እሱ ነውና። ያገለገለ ዕቃ የሚሰበስብ አንድ የእርዳታ ድርጅት በስልክ ስንጠይቀው «ሁሉንም እንቀበላለን፣ አምጡ» ስላለን፣ የቀረንን ልብስና ብርድ ልብስ ባለቤቴ አጥባና ተኩሳ በካርቶን አሸገችው፤ መኪናውን እስከ ጣሪያው ሞልተን ሄድን። በሩ ላይ የነበረው ሰው ሰላምታችንን እንኳ ሳይመልስ የአንዱን ካርቶን ክዳን በእስክሪብቶው ጫፍ ገለጥ አደረገና «እዚህ የቆሻሻ መጣያ አይደለም» ብሎን ገባ። በስልክ የተባልነውን ልናስረዳ ብንጠብቅም ተመልሶ አልወጣም። መጋዘናቸው ሞልቶ ከነበረ ይህንኑ በጨዋ ደንብ መናገር ምን ይከብድ ነበር? ባለቤቴ የተኮሰችውን ልብስ ቆሻሻ ሲሏት የተሰማት ነገር እስካሁን አልወጣላትም፤ እኔም ይቅር አላልኩም። ከስድቡ የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ካርቶኖቹ ሳሎን ውስጥ ተደርድረው ሲከርሙ ልጆቹ አንድ በአንድ እየከፈቱ «ይህ እኮ የእኔ ነበር» ማለት ጀመሩ፤ ባለቤቴም አንዱን ብርድ ልብስ ለእንግዳ ይሆናል ብላ አወጣችው፤ ብዙም ሳይቆይ አብዛኛው ዕቃ ወደ ቁም ሳጥኑ ተመለሰ። ስለዚህ የሚቀበልዎትን ድርጅት አስቀድመው የዕቃውን ፎቶ ልከው ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ፤ የቀረው ዕቃ ከግቢው በቀጥታ ይጫን እንጂ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን የቤቱን ደፍ አይሻገር። በሁለተኛው ሽያጫችን እንዲህ አድርገን ግቢያችንን ሳይመሽ ባዶ አድርገነዋል፤ ጎረቤቶቻችን እስካሁን የሚያማክሩት እኛን ነው።

አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልኩ መቁጠሩን እዚህ ላይ ልተወው። በነገራችን ላይ ከሸጥነው ውስጥ ቀላል የማይባለው እኛ ራሳችን ከሌሎች ሰዎች ግቢ፣ ርካሽ ነው ብለን ያመጣነው ነበር። እርስዎም በእነዚህ ሳምንታት የሌላ ሰው ሽያጭ «ዋጋ ለማየት» ብለው እንዳይሄዱ፤ ባዶ እጅዎን አይመለሱም።

ባለቤትዎ ምንም ነገር አይሸጥ እንደሚሉ ጽፈው፣ አንዳንድ አባላት በሽታ ነው ብለው መልሰውልዎታል። ዕቃ የማከማቸት ሕመም በእርግጥ አለ፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል። ነገር ግን እዚያ የተገለጸው ዕቃው ክፍሎቹን ሞልቶ ማደሪያውን ለማደር፣ ማብሰያውን ለማብሰል እስከማያስችል ሲደርስ ነው። የድሮ ሬዲዮኖቻቸውን የሚወድ ሰው ሁሉ ታማሚ አይደለም። አንድ መደርደሪያ ይልቀቁላቸውና በእሱ ላይ የቻለውን ያህል እሳቸው ራሳቸው መርጠው ያስቀሩ፤ ሳይጠይቋቸው ከሸጡባቸው ግን በቀጣዩ ካርቶን ላይ ይቀመጡበታል። በሽያጩ ዕለትም ገንዘብ ተቀባይ አያድርጓቸው፤ የእኔን አባት አስቀምጠናቸው ገዢ ዋጋ በጠየቀ ቁጥር «እሱ አይሸጥም» ይሉ ስለነበር፣ በመጨረሻ ጥግ ላይ የቆመው ማስታወቂያ እንዳይወድቅ እንዲጠብቁ ልከናቸዋል።