የሴካፋ ታዳጊዎች ዋንጫ፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ስለ ታዳጊዎች የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ እግር ኳስ ማኅበራት ምክር ቤት) ውድድር የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተከማችተውብኛል። ደጋግመው የመጡትን መረጥኩ። ስድብ ብቻ የሆኑትን ትቻቸዋለሁ።

“ሴካፋ ነው ወይስ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ? አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ሲባል ግራ ገባን።” (ከአዳማ)

ሁለቱም ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) አህጉሩን በስድስት ዞን ከፍሎታል። የእኛ ዞን 12 አባላት ያሉት ሴካፋ ነው። ከ17 እና ከ20 ዓመት በታች የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በየዞኑ ስለሚካሄድ ዋንጫውና ማጣሪያው አንድ ላይ ይሄዳሉ። በቅርብ ዓመታት ብዙ ጊዜ ያለፉት ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ እውነተኛው ትንቅንቅ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዳሬሰላም ላይ ከ20 ዓመት በታቹን ዋንጫ ታንዛኒያ በፍጻሜው ኬንያን አሸንፋ ወሰደች፤ ወደ ግብፅ የተጓዙት ግን ሁለቱም ናቸው።

“ልጄ ከ17 ዓመት በታች ለሚጫወተው ቡድን ተመርጧል። እጁን ኤምአርአይ ይነሳል አሉኝ። ጨረሩ አይጎዳውም? ደግሞስ ዕድሜ በእጅ ይታወቃል እንዴ?” (ከሐዋሳ፣ እናት)

እናቴ፣ አይስጉ። ኤምአርአይ በማግኔት ነው የሚሠራው፤ እንደ ራጅ ጨረር የለውም። የተመረጠውም ለዚሁ ነው።

የሚታየው የእጅ አንጓ ነው። ልጅ እያደገ ሳለ የክንዱ አጥንት ጫፍ ከዋናው አጥንት በለስላሳ አጥንት ተለይቶ ይቆያል። ዕድገቱ ሲያበቃ ሁለቱ ይገጥማሉ። ሐኪሞቹ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጣሉ፤ 6 ማለት ሙሉ በሙሉ ገጥሟል ማለት ነው። 6 የወጣበት ልጅ፣ ፓስፖርቱ የፈለገውን ቢል፣ ከ17 ዓመት በታች አይሰለፍም። ፊፋ ይህን ምርመራ በዓለም ዋንጫ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ ነው።

ፍጹም ነው ወይ? አይደለም። 17 ሳይሞላው አጥንቱ የሚገጥም ልጅ በጣም ጥቂት ቢሆንም አለ። በተቃራኒው 18 እና 19 ሞልቶት አንጓው ገና ያልገጠመ አለ፤ እሱ ሹልክ ብሎ ያልፋል። ያም ሆኖ ወንፊቱ ቀልድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የካሜሩን ፌዴሬሽን፣ ሳሙኤል ኤቶ ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ ልጆቹን ከማጣሪያው በፊት ቢያስመረምር ከ30ው 21ዱ ወደቁ። ቡድን አልቀረም ማለት ይቻላል!

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ይዩልኝ፤ የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን የዘመን አቆጣጠር። የሚፈለገው የልደት ቀን የሚቆጠረው በፈረንጆቹ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2025 ለተደረገው ከ17 ዓመት በታች ውድድር ገደቡ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ነበር። በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ማለት ነው። ታኅሣሥ 21 የተወለደ ልጅ በአንድ ቀን ይቀራል። ቀኑ ሲገለበጥ ከተሳሳተ ደግሞ ንጹሑ ልጅ አጭበርባሪ መስሎ ይገኛል።

ዕድሜ ስለሚቀንሱት የእኔን ሐሳብ ከፈለጉ፣ በጣም ያናድደኛል። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ የሚገባው ሰውዬ የሚበላው የእውነተኛውን የ15 ዓመት ልጅ ቦታ ነው። አሰልጣኙ ያውቃል፣ ሰፈሩ ያውቃል፣ ሁሉም “ምን አለበት” ይላል።

“ዛንዚባር አገር ናት እንዴ? ባሕር ዳር ላይ ኮንጎስ ምን ትሠራ ነበር?” (ከጎንደር)

ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ናት፤ የፊፋ አባልም አይደለችም። የሴካፋ አባል ስለሆነች ግን በሴካፋ ለብቻዋ ትሰለፋለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ካፍ ሙሉ አባል አድርጎ ተቀብሏት ከጥቂት ወራት በኋላ መልሶ ሰረዛት። ኮንጎ ኪንሻሳ በ2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ከ23 ዓመት በታች ውድድር የተጫወተችው በተጋባዥነት ነው። ያኔ ታንዛኒያ ቡሩንዲን በመለያ ምት ረታ ዋንጫውን ወስዳለች።

“እያዘጋጀን ሌላው ያልፋል። የእኛ ልጆች ዓለም ዋንጫ ደርሰው ያውቃሉ?” (ከባሕር ዳር)

ደርሰዋል። በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ ሲዘጋጅ አራተኛ ወጥተን ወደ አርጀንቲና ሄድን። ምድባችን ኔዘርላንድስ፣ ኢኳዶርና ኮስታሪካ ነበሩ። ሦስቱም አሸነፉን፤ ለኔዘርላንድስ ግን የተሸነፍነው 3 ለ 2 ነው። አንገት የሚያስደፋ አይደለም።

የሚያሳፍረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ17 ዓመት በታቹ ማጣሪያ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ተደረገ። ያለፉት ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን ናቸው። ሶማሊያ በየትኛውም ዕድሜ ለአፍሪካ ዋንጫ ስትበቃ የመጀመሪያዋ ነበር። “ዕድል ነው” ያላችሁኝ አላችሁ። ደቡብ ሱዳን በዚያው ዓመት ካርቱም ላይ ከ20 ዓመት በታችም ከዩጋንዳ ጋር አለፈች። ሁለት ጊዜ ዕድል?

ዩጋንዳን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ20 ዓመት በታች የአፍሪካ ዋንጫ ለፍጻሜ ደርሳ በጋና ተሸነፈች፤ በ2025 ደግሞ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ገባች። እዚያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኳስ ራሱን የቻለ ትልቅ ውድድር ነው፤ እንደ ቅድስት ማርያም ኪቴንዴ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተጫዋች ያመርታሉ። እኛ ጋ ውድድር ሲቃረብ ልጅ ተሰብስቦ ሆቴል ይገባል፣ ሲያልቅ ይበተናል። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያን ልጆች የት እንዳሉ ጠይቁ እስቲ።

“ልጄ እዚህ ተወልዶ 15 ዓመት ሆኖታል። ለኢትዮጵያ መጫወት ይችላል?” (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ፊፋ የሚጠይቀው ዜግነት ነው። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አይበቃም። ሕጋችን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ነገር ግን በአዋጅ 378/1996 መሠረት ውጭ በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጥ ይችላል። ያኛውን ግን መተው አለበት። ልጅዎ ገና ጊዜ አለው፤ ስለ ፓስፖርቱ ኤምባሲውን ከአሁኑ ይጠይቁ። ምርጫው ቀላል እንዳልሆነ ግን አልደብቅዎትም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወልዶ በእናንተው አካባቢ ያደገው ጌዲዮን ዘላለም ለጀርመን ታዳጊዎች፣ በኋላም ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ተጫውቷል።

“ሴቶቹንስ አንጓቸውን ያያሉ?” (ከአርባ ምንጭ)

አያዩም። የሴት ልጅ አጥንት ቀድሞ ስለሚገጥም መለኪያው ለእነሱ አይሆንም። ሴቶቹን ካነሳሽ ደግሞ፣ በ2014 ዓ.ም. ዩጋንዳ፣ ንጄሩ ላይ የሴካፋን ከ20 ዓመት በታች ዋንጫ ያነሱት የእኛ ልጆች ናቸው።