ዊንዶውስ አልነሳ ሲል ፋይል እንዴት ይተርፋል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 ሲሸጋገሩ መንገድ ላይ የቀሩ አንባቢዎች ጥያቄ በርክቶብናል። ለተደጋገሙት እነሆ መልስ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ወደ ዊንዶውስ 11 ሳሳድግ 70 ከመቶ አካባቢ ደርሶ ሪስታርት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ለጥገና ብወስደው «ፎርማት መደረግ አለበት» ተባልኩ። የመመረቂያ ጽሑፌና የልጆቼ ፎቶዎች እዚያው ውስጥ ናቸው፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እባክዎ ፎርማት አያስደርጉት። ፋይሎችዎ ወጥተው ሌላ ዲስክ ላይ መቀመጣቸውን በዓይንዎ እስኪያዩ ድረስ ማንም እንዳይነካው።

የተበላሸው ዊንዶውስ ነው፤ ጽሑፍዎና ፎቶዎችዎ ግን በነበሩበት አሉ ብሎ ማሰብ ይቻላል። አፕግሬድ ሲካሄድ አሮጌው ሲስተም ወዲያው አይሰረዝም፤ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» ወደሚባል ፎልደር ይገፋና አዲሱ በቦታው ይገባል። የግል ፋይሎችዎን የያዘው «ዩዘርስ» የተባለው ፎልደርም ከዚያው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) አይወጣም። በእንዲህ ያለ ብልሽት ፋይል የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በአፕግሬዱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በችኮላ በሚደረገው ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያውጡ፣ ከዚያ ይጠግኑ።

ቻርጀሩን ይሰኩ። ፕሪንተር፣ ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ የተሰካ ነገር ሁሉ ይነቀል። ኮምፒውተሩን አብርተው የአምራቹ አርማ እንደታየ የማብሪያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ ተጭነው ይያዙ፤ 10 ሰከንድ ገደማ ይበቃል። ይህንኑ አንዴ ይድገሙት። በሦስተኛው ሲያበሩት ዊንዶውስ መነሳት እንዳቃተው ተረድቶ ራሱን ወደ ጥገናው ስክሪን ይወስዳል። እዚያ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚለውን ይምረጡ።

ጥቁር መስኮት ይከፈታል። አይደንግጡ፤ የሚጽፉት አንድ ቃል ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል «ኖትፓድ» (notepad) ብለው ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። የምናውቀው የጽሑፍ መጻፊያ ይከፈታል፤ የምንፈልገው ግን ለመጻፍ ሳይሆን በውስጡ ፋይል ለመቅዳት ነው። ውጫዊ ሃርድ ዲስክዎን አሁን ይሰኩ። «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕን» ይበሉ። በሚመጣው ሳጥን ግርጌ «ቴክስት ዶክዩመንትስ» የሚለውን ወደ «ኦል ፋይልስ» ይቀይሩት። ይህን ካልቀየሩ ፎቶ የሞላበት ፎልደር ባዶ መስሎ ይታይና ያስደነግጥዎታል። በዚህ ስክሪን የድራይቭ ፊደሎች ሊቀያየሩ ይችላሉ፤ ሲ የነበረው ዲ ተብሎ ቢያገኙት ስህተት አይደለም። የእርስዎ ድራይቭ «ዩዘርስ» የሚለው ፎልደር ያለበት ነው። ገብተው በስምዎ የተሰየመውን ይክፈቱ፤ «ዴስክቶፕ»፣ «ዶክዩመንትስ»፣ «ፒክቸርስ» እና «ዳውንሎድስ» የሚሉትን አንድ በአንድ በቀኝ ክሊክ ኮፒ እያደረጉ ውጫዊው ዲስክ ላይ ፔስት ያድርጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቅጂው ምን ያህል እንደደረሰ የሚያሳይ ምልክት የለም፤ መስኮቱ የደረቀ ይመስላል። አልደረቀም፣ እየቀዳ ነው። ብዙ ፎቶ ካለ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል አይዝጉት። ፎልደሮቹን በየተራ መቅዳትም የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ አንዱ ቢቋረጥ የትኛው እንደቀረ ያውቃሉ። ሌላው እንቅፋት የመቀበያው ዲስክ አሠራር ነው። ፋት 32 በሚባለው የተሰናዳ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ረጅም ቪዲዮ ካለዎት በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ የተሰናዳ ይጠቀሙ።

ሲጨርሱ ውጫዊውን ዲስክ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው የመመረቂያ ጽሑፉን ከፍተው እስከ መጨረሻው ገጽ ይዩት፤ ፎቶዎቹንም ከየፎልደሩ ጥቂት ጥቂት ይክፈቱ። የፋይሉ ስም ስለታየ ብቻ ተርፏል ማለት አይደለም።

ወደ ጥገናው የሚገቡት አሁን ነው። ከ«አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በመጀመሪያ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ውስጥ የመጨረሻውን ትልቅ አፕዴት የሚያስወግደውን ይሞክሩ። ካልሠራ «ስታርታፕ ሪፔር»፣ ካልሆነም «ሲስተም ሪስቶር»። ሦስቱም የግል ፋይል ለመንካት የተሠሩ አይደሉም። የመጨረሻው አማራጭ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ነው፤ እሱም ሁለት መንገድ አለው። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» ፋይሎችን ትቶ የጫኗቸውን ፕሮግራሞች ያጠፋል፤ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ግን ስሙ እንደሚለው ሁሉንም ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ጥገናው ስክሪን ላይ ስደርስ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ አስገባ ይለኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሞልቼ አላውቅም።

መልስ፦ ዲስክዎ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ ማመስጠሪያ ተቆልፏል ማለት ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈቱ ብዙ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያስተውል በራሳቸው ይቆለፋሉ፤ ቁልፉም ያኔውኑ አካውንቱ ውስጥ ይቀመጣል። በስልክዎ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ወደዚያው አካውንት ገብተው በመሣሪያዎች ዝርዝር ሥር የሪከቨሪ ቁልፉን ይፈልጉ። ከአንድ በላይ ቁልፍ ካገኙ፣ ስክሪኑ ላይ ከሚታየው የመለያ ኮድ ጋር የሚገጥመውን ይውሰዱ። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ ቁልፉ ያለው በመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል እጅ ሊሆን ይችላል። ያለ ቁልፉ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ መሰካትም አይረዳም፤ የሚታየው የተመሰጠረ ነገር ብቻ ነው። ቁልፉን እስኪያገኙ ሪሴት አያድርጉ።

ጥያቄ፦ የእኔው የጥገና ስክሪን ጨርሶ አይመጣም። ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው።

መልስ፦ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ አሰናድቶ ከፍላሹ መነሳት ነው። ሲነሳ ከሚቀርቡት ምርጫዎች መሞከሪያውን እንጂ ኢንስቶል የሚለውን አይንኩ። የዊንዶውሱ ዲስክ በፋይል ማሳያው በግራ በኩል ይወጣል። ዊንዶውስ በትክክል ሳይዘጋ ስለቀረ ለማንበብ ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ ለመቅዳት የሚያስፈልገውም ማንበብ ስለሆነ አያሳስብም። ለመጻፍ ብለው አስገድደው አይክፈቱት።

ሁለተኛው ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ መያዣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ነው። መያዣው ከዲስኩ ዓይነት ጋር መግጠም አለበት፦ ባለ 2.5 ኢንቹ ሳታ አንድ ዓይነት ነው፣ ማስቲካ የሚመስለው ቀጭኑ ኤም ዶት 2 ደግሞ ሌላ። ኤም ዶት 2 ራሱ በግንኙነቱ ዓይነት ሳታም ኤንቪኤምኢም ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም የሚቀበል መያዣ ቢይዙ ይሻላል። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ ለእነዚያ የመጀመሪያው መንገድ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ሁለቱንም አይሞክሩ፤ አጥፍተው ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ይስጡት።

ጥያቄ፦ አፕግሬዱ አለቀ፣ ኮምፒውተሩም ተነሳ፤ ዴስክቶፔ ግን ባዶ ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቷል።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ዊንዶውስ የእርስዎን ፕሮፋይል (በስምዎ ያለውን ዴስክቶፕና ፋይል የያዘውን) መክፈት ሲያቅተው ጊዜያዊ ፕሮፋይል ይሰጥዎታል። እዚያ ውስጥ ምንም አያስቀምጡ፤ ሲወጡ አብሮ ይጠፋል። ሪስታርት አድርገው ድጋሚ ይግቡ። ካልተስተካከለ በሲ ድራይቭ «ዩዘርስ» ውስጥ በድሮ ስምዎ ያለውን ፎልደር ይክፈቱ፤ ፈቃድ ከጠየቀ «ኮንቲኒው» ይበሉ። እዚያ ከሌለ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» ውስጥ ያለውን «ዩዘርስ» ይዩ፤ ዋንድራይቭ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ የሚጠቀሙ ከሆነም በብራውዘር ገብተው ይፈትሹ። ይህን የሚያደርጉት ዛሬ ይሁን። ዊንዶውስ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ»ን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ይሰርዘዋል፤ ወደ ድሮው ዊንዶውስ የመመለሻው ዕድልም ከእሱ ጋር ይሄዳል። ቦታ ለማስለቀቅ ብለው የዲስክ ማጽጃ አያስነሱ።

ጥያቄ፦ አፕግሬዱ አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ቀርቷል። ላጥፋው?

መልስ፦ የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ይተዉት። ሁለት ሦስት ሰዓት በአንድ ቁጥር ላይ መቆሙ ያለ ነገር ነው። በተለይ ለውጡን እየመለሰ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ካዩ ፈጽሞ አያጥፉት፤ ወደ ድሮው እየመለስዎ ነው። ከሽፎ የስህተት ቁጥር ከሰጠዎ ቁጥሩን ይያዙ፦ 80070070 ያለበት የቦታ ማነስ ነው፤ 1900101 ያለበት ብዙውን ጊዜ የድራይቨር (የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚያሠራ ፕሮግራም) ጣጣ ስለሆነ ድራይቨሮቹን አድሰው፣ ሌላ አንቲቫይረስ ካለ አውጥተው ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ማክ ላይ ቢደርስስ?

መልስ፦ በአፕል ቺፕ በሚሠራ ማክ የማብሪያውን ቁልፍ የመነሻ አማራጮች እስኪመጡ ተጭኖ መያዝ፤ በኢንቴል በሚሠራው ሲነሳ ኮማንድና አር። ከዚያ ማክኦኤስን ድጋሚ መጫን የግል ፋይል አያጠፋም፤ የሚያጠፋው በ«ዲስክ ዩቲሊቲ» «ኢሬዝ» ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ሳላነብ ፎርማት አድርጌዋለሁ።

መልስ፦ ኮምፒውተሩን አሁኑኑ ያጥፉት። አሮጌው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከሆነ አዲስ ነገር እስካልተጻፈበት ብዙው ሊገኝ ይችላል። ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ትሪም የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ወዲያው ስለሚያጸዳ ተስፋው ጠባብ ነው። በሁለቱም የማውጫ ፕሮግራሙን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ፤ ዲስኩን ነቅለው እዚያ ይሰኩ፤ የተገኘውንም በጭራሽ እዚያው ዲስክ ላይ አያስቀምጡ።