ለጤና ጣቢያው የአፈር ምርመራ ሁለት ጉድጓድ ይበቃል ወይ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ እንደገባኝ አቃቂ ቃሊቲ፣ ጥቁር አፈር ላይ፣ ጂ+4 ጤና ጣቢያ ልትሠሩ ነው። ቦታው ወደ 40 በ30 ሜትር ነው። ለመሠረቱ የአፈር ምርመራ ዋጋ ካቀረቡት ሦስት ድርጅቶች ርካሹ ሁለት ጉድጓድ፣ እያንዳንዱን 10 ሜትር እቆፍራለሁ ብሎ የጥቅል ዋጋ ሰጥቷል። ኮሚቴው ይህን እንውሰድ ይላል።

እኔ ብሆን አልወስድም። ውድ ስለሆነው ሌላው ይሻላል ማለቴም አይደለም። ሦስቱም ያቀረቡት የተለያየ ሥራ ስለሆነ ዋጋቸው አይወዳደርም። የጉድጓዱን ብዛት፣ ጥልቀቱንና የላብራቶሪ ምርመራውን ራሳችሁ ወስናችሁ፣ ሁሉም በሜትርና በናሙና ዋጋ እንዲሞሉ አድርጉ። የጥቅል ዋጋ የሰጠ ሰው ቶሎ ባቆመ ቁጥር ያተርፋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሁለት ጉድጓድ አለቱ ወደ የት እንደሚያዘነብል አያሳይም። ለዚያ ቢያንስ ሦስት ነጥብ ያስፈልጋል። የአፈርና የመሠረት ዲዛይን ኮዳችን፣ ኢኤስ ኢኤን 1997፣ ለረጃጅምና ለኢንዱስትሪ ሕንፃዎች በነጥቦች መካከል ከ15 እስከ 40 ሜትር ርቀት ይጠቁማል። በእናንተ ቦታ አራት ከሕንፃው ማዕዘኖች፣ አንድ ከመሃል ብትሉ ጥሩ ነው። የጎረቤት ሕንፃ ሪፖርት ካለ ለማቀድ ይጠቅማል፤ የራሳችሁን ቁፋሮ ግን አይተካም።

ስለ ጥልቀቱ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ የትምህርት ቤት ሥራ ላይ ሪጉ (የመቆፈሪያ ማሽኑ) ገና በጥቂት ሜትር ድንጋይ መታ። ቆፋሪዎቹ «አለት ደርሰናል» ብለው ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። ቀጥሉ አልን። የወጣው ኮር (እንደ ዘንግ ተቆርጦ የሚወጣው የድንጋይ ናሙና) ግራጫ፣ ያልተነካ ባዛልት ነበር፤ ሲያዩት ያጓጓል። አንድ ሜትር ያህል እንደሄዱ ከጉድጓዱ የሚመለሰው ውሃ ቡናማ ሆነ። ከድንጋዩ ሥር እንደገና ሸክላ አፈር ነበር፤ ያገኙት የተቀበረ ቋጥኝ ነው። እዚያ ቢቆም ኖሮ ሪፖርቱ አለት ብሎ ይጽፍ ነበር። ስለዚህ ውሉ ላይ «አለት ውስጥ ቢያንስ 5 ሜትር ሳይገባ አይቆምም፤ የሚያስቆመውም የአሠሪው መሐንዲስ ነው» ብላችሁ አስገቡ።

ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ መሬቱ የሚሸከመውን ጭነት ብቻ የሚነግር ሪፖርት አይበቃም። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ፣ የእብጠት ግፊቱ ሳይበጠበጥ ከወጣ ናሙና መለካት አለበት። ናሙናው ቱቦው እንደታሸገ ላብራቶሪ ይግባ፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ እርጥበቱ ይሄዳል፣ ውጤቱም ይዛባል። ጂ+4 ሕንፃ ዓምዶቹ ከባድ ስለሆኑ አፈሩን ተጭነው ሊይዙት ይችላሉ። ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ የሚነሳውና የሚሰነጠቀው ቀላሉ ነገር ነው፦ የምድር ቤቱ ወለል፣ አጥሩ፣ የጥበቃ ቤቱ፣ የፍሳሽ መስመሩ። ሪፖርቱ ስለ እነዚህም ምክር እንዲሰጥ በግልጽ ጠይቁ። ጥቁሩ አፈር እስከ ስንት ሜትር ተቆርጦ ይውጣ? በምን ዓይነት ማቴሪያል ይሞላ? ይህን ካልመለሰ ገንዘቡ አልሠራም።

የመሬት መንቀጥቀጡን ነገር አትርሱ። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶናል። ዲዛይነራችሁ የመሬቱን ምድብ ለመለየት የላይኛውን 30 ሜትር ባሕርይ ማወቅ አለበት። አንዱን ጉድጓድ እስከዚያ አውርዱ፣ ወይም በጂኦፊዚክስ የሸር ሞገድ ፍጥነት (ንዝረት በመሬቱ ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት) አስለኩ። በጉድጓዱ ውስጥ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ከፍታም ቁፋሮው እንዳለቀ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ እንደገና ይነበብ።

ከሁሉም በላይ ግን ሪጉ አጠገብ የሚቆም የራሳችሁ ሰው ይኑር። ኤስፒቲ (በመዶሻ ምት ብዛት የአፈሩን ጥንካሬ የሚለካው ሙከራ) ሲሠራ 63.5 ኪሎው መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር መውደቅ አለበት። በገመድ የሚጎትተው ልጅ ሲደክመው አሳጥሮ ይለቃል። ያኔ የምቱ ቁጥር ይበዛል፣ ደካማው አፈር ጠንካራ መስሎ ይመዘገባል። ይህን ከቢሮ ሆኖ ማንም አያርመውም። ኮር ሳጥኖቹም ጥልቀታቸው ተጽፎባቸው በየቀኑ ፎቶ ይነሱ፤ መሠረቱ ተቆፍሮ እስኪታይ ድረስም አይጣሉ።

የጨረታ ሰነዱን ስታረቅቁ እዚህ ለጥፊው። የሥራ ዝርዝሩን አብረን እናየዋለን።