ጭራቆች በስንት ሰከንድ ይመለሱ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በጅማ የምንኖር ሁለት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ስንሆን በአካባቢያችን ያለውን “በለጠ ጌራ” የተባለ ደን መነሻ አድርገን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወተው አነስተኛ የኦንላይን ጌም እየሠራን ነው። በጫካው ውስጥ ጭራቆች የሚወጡባቸው 30 ቦታዎች አሉ፤ የተገደለ ጭራቅ ከ60 ሰከንድ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል። ሦስትና አራት ሆነን ስንሞክረው ጥሩ ነበር። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ባለ አንድ ጌም ቤት 20 ልጆች አብረው ሲገቡ ግን የሚገደል ጭራቅ ጠፋና አብዛኞቹ ቆመው መጠበቅ ያዙ። መመለሻውን ወደ 6 ሰከንድ ስናወርደው ደግሞ ጭራቆቹ በተጫዋቹ ጀርባ እየወጡ ይገድሉት ጀመር፤ ለአንድ ወር ያሰብናቸውን ሌቭሎችም (ተጫዋቹ የሚወጣቸውን ደረጃዎች) ልጆቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጨረሷቸው። ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው ይሻላል? አንድ ጭራቅ ለመግደል 6 ሰከንድ፣ ወደሚቀጥለው ለመሄድ 9 ሰከንድ ያህል ይወስዳል።

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም፤ ምክንያቱን ደግሞ ራሳችሁ የላካችኋቸው አኃዞች ይናገራሉ። 30 ቦታዎች በ60 ሰከንድ አንድ ጊዜ የሚተኩ ከሆነ ጫካው በደቂቃ ከ30 በላይ ጭራቅ ሊያቀርብ አይችልም። አንድ ተጫዋች በ15 ሰከንድ አንድ ከገደለ በደቂቃ 4 ይፈልጋል፤ ስለዚህ ስምንተኛው ሰው ሲገባ ጫካው አልቋል ማለት ነው። 20 ልጆች 80 ሲፈልጉ 30ውን ተካፍለው ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው አንድ ተኩል ነበር። ሌቭል ለመጨመር አንድ ሰዓት የሚበቃው ልጅ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሊፈጅበት ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በመቆም።

6 ሰከንድ ስታደርጉት ችግሩ ተገለበጠ። መመለሻው ከመንገዱ 9 ሰከንድ ስላነሰ ተጫዋቹ ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ በ12 ሰከንድ አንድ፣ በደቂቃ 5 ጭራቅ መግደል ቻለ፤ መራመድ የሚባለው ነገር ከጨዋታው ወጣ፣ የሌቭሉም ፍጥነት እየተራመዱ ከመግደል በሩብ በለጠ። የጭራቆች መመለሻና የሌቭል አወጣጥ አንድ ነገር ናቸው የምንለው ለዚህ ነው፤ አንዱን የነካ ሰው ሌላውን ሳያውቀው ይነካል።

እኛ የምንመክራችሁ መመለሻውን በጫካው ውስጥ ባለው ሰው ቁጥር እንዲሰላ ማድረግ ነው። የሰዎቹን ቁጥር በ4 አባዙ፣ በዚያ ላይ ሩብ ያህል ትርፍ ጨምሩ፣ ከዚያም 30ዎቹ ቦታዎች ያንን ያህል እንዲያቀርቡ ሰከንዱን አውጡ። ለ20 ሰው በደቂቃ 100 ጭራቅ ያስፈልጋል፤ መመለሻው 18 ሰከንድ ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ገደቦች ግን አብረው ይግቡ። ሰው ሲያንስ ከ60 ሰከንድ በላይ አይርዘም፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ ከ15 ሰከንድ በታች ፈጽሞ አይውረድ። 15 ያልነው መግደያውና መንገዱ ተደምረው 15 ስለሚሆኑ ነው፤ ከዚያ በታች እየወረደ ከ9 ካነሰ መቆም ከመራመድ የበለጠ ይከፍላል፣ የሠራችሁት ጫካም ሳይታይ ይቀራል። ይህ ዝቅተኛ ገደብ 24 ሰው ድረስ ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ወይ አዳዲስ መውጫ ቦታዎች መክፈት፣ ወይ የጫካውን ሌላ ቅጂ ከፍቶ የሚመጡትን ወደዚያ መምራት ነው። ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት ክላሲክ የተባለው የኦንላይን ጌም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ሲከፈት የተጠቀመው ይህንኑ የቅጂ ዘዴ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ተጫዋቾች አንድን ጭራቅ ለመግደል በጨዋታው ውስጥ ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ ታይተዋል።

በጅማ ሁኔታ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጌም ቤቱ በሙሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገባል፤ ሲጠፋም በአንድ ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ ስሌቱ የዚያችን ቅጽበት ቁጥር ሳይሆን ያለፉትን ጥቂት ደቂቃዎች አማካይ ይያዝ፤ አለበለዚያ ጭራቆቹ አንዴ ጎርፍ አንዴ ድርቅ ይሆናሉ። በጀርባ የመውጣቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ ጭራቁ ከመውጣቱ በፊት በአቅራቢያው ተጫዋች መኖሩን ሰርቨሩ (ጨዋታውን የሚያስተናግደው ዋና ኮምፒውተር) ይፈትሽ፤ ካለ ወደ ሌላ ክፍት ቦታ ያዛውረው። ቦታው በጥቂቱ መቀያየሩ በአንድ ነጥብ ላይ ቆመው ያለ ሰው የሚጫወቱ ፕሮግራሞችንም ያስቸግራል።

ጭራቆቹን እንደ እውነተኛ የዱር እንስሳት ራሳቸውን እንዲተኩ ማድረግ የሚል ሐሳብ ሳይመጣላችሁ አይቀርም፤ ደን ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይመኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አልቲማ ኦንላይን የተባለ ጌም ሥጋ በሎችና ሣር በሎች እየተመጋገቡ የሚኖሩበት ሥርዓት ታቅዶለት ነበር። ተጫዋቾቹ ግን እንስሳቱን ከመራባታቸው በፊት ፈጇቸውና ሥርዓቱ ተነሣ። ውብ ሐሳብ ነበር፤ ለ20 ልጆች ጫካ ግን አይሆንም።

ወደ ሌቭሉ እንመለስ። ብዙ ጀማሪዎች መጀመሪያ የኤክስፒውን (ተጫዋቹ ጭራቅ ሲገድል የሚያገኘውንና ሌቭል የሚያስጨምረውን ነጥብ) ቁጥር ይወስናሉ፤ እናንተ ግን ከሰዓቱ ጀምሩ። አንድ ተጫዋች ሁለተኛው ሌቭል ላይ በስንት ደቂቃ፣ አሥረኛው ላይ በስንት ሰዓት እንዲደርስ ትፈልጋላችሁ? ያንን በወረቀት ጻፉና በደቂቃ 4 ጭራቅ በሚለው አስልታችሁ ኤክስፒውን አውጡ። የኤክስፒ መስመር፣ ማለትም ለየሌቭሉ የሚፈለገው ኤክስፒ አጨማመር፣ ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል ለማየት ሩንስኬፕ የተባለውን የኦንላይን ጌም ተመልከቱ፦ ሁለተኛው ሌቭል 83 ኤክስፒ ብቻ ሲፈልግ 99ኛው 13,034,431 ይፈልጋል፤ ከዚህ ግማሹ ማለትም 6,517,253 የሚሞላው 92ኛው ላይ ነው። 99ኛው ላይ ሊደርስ ሰባት ሌቭል የቀረው ሰው በእርግጥ ገና መንገዱን አጋምሷል። ይህ በዚያ ጨዋታ የሚሠራው ከፍ ያለ ተጫዋች በሰዓት የሚያገኘው ኤክስፒም አብሮ ስለሚያድግ ነው። የእናንተ ጭራቆች ግን በሁሉም ሌቭል አንድ ዓይነት ከሆኑ እንዲህ ያለውን መስመር መቅዳት ልጆቹን ማሰቃየት ነው።

ልጆቹ ጥድፊያ አበዙ ብላችሁም ቅጣት አታስገቡ። ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ከመውጣቱ በፊት በሙከራ ላይ ሳለ ረጅም ሰዓት የቆየ ተጫዋች ኤክስፒው ይቀነስበት ነበር፤ ሞካሪዎቹ አጥብቀው ጠሉት። ሠሪዎቹ ስሌቱን ሳይሆን አቀራረቡን ቀየሩት፦ ዐርፎ የመጣ ሰው እጥፍ ያገኛል፣ የቆየ ሰው መደበኛውን ያገኛል ተባለ፤ ቅሬታውም ቀረ። የእናንተ ተጫዋቾች የጌም ቤት ሰዓት በገንዘብ የሚገዙ ልጆች ናቸውና በከፈሉበት ሰዓት ላይ ቅነሳ መጫን ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው።

ጥያቄ፦ እኔም ከጅማ ነኝ። ኢንተርኔቱ ዘገምተኛ ስለሆነ ጭራቁን ቀድሜ መታሁት ስል ሌላ ሰው ቀድሞ መትቶት ኤክስፒውን ይወስድብኛል። ይህ የእኔ ድክመት ነው ወይስ የጨዋታው?

መልስ፦ የጨዋታው ነው። ሰርቨሩ አውሮፓ ውስጥ ከሆነ የእርስዎ ምት ጅማ ላይ ከተጫነ በኋላ ባሕር ተሻግሮ መድረስ አለበት፤ ለሰርቨሩ ቅርብ የሆነው ሰው ከእርስዎ ዘግይቶ ቢመታም ምቱ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ቀድሞ የመታ ብቻ ይውሰድ የሚለው ደንብ ስለዚህ ርቀትን የሚቀጣ ደንብ ነው፤ ጭራቅ በጠበበበት ቦታ ደግሞ ጎረቤትን ጠላት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጊልድ ዎርስ 2 የተባለ ጌም በመግደሉ የተሳተፈ ሁሉ የየራሱን ሙሉ ሽልማት እንዲያገኝ አድርጓል፤ ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍትም በ2016 ደንቡን አላልቷል። ከላይ የጠየቁን ሁለቱ ተማሪዎች ይህን ደንብ ከመጀመሪያው ቢያስገቡ ደስ ይለናል። እርስዎ በያዙት ጨዋታ ላይ ደንቡ ካልተቀየረ ግን ከማያውቋቸውም ጋር ቢሆን ቡድን ይግቡ፤ አብዛኞቹ ጨዋታዎች ለአንዱ የቡድን አባል የተመዘገበውን ምት ለሁሉም ስለሚቆጥሩ መዘግየትዎ ያን ያህል አይጎዳዎትም።