ከደመወዝሽ ቆርጠሽ ለምትወዳደሪው

ልጄ፣

ወጣት ሴቶች ስለ ድራግ ሬሲንግ (ሁለት መኪኖች ቀጥ ባለ አጭር ትራክ ላይ ጎን ለጎን ተነስተው፣ መጨረሻው መስመር ቀድሞ የደረሰው የሚያሸንፍበት ውድድር) ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የሚያነሱት «ወንዶቹ ያስቸግሩኛል ወይ?» የሚለውን ነው። አዎ፣ አንዳንዶቹ ያስቸግሩሻል። እኔ እንዳየሁት ግን ጎበዝ ልጆችን ከትራክ ያስቀራቸው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከገንዘቡ ልጀምር።

ስወዳደር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሌላ ሥራ ነበረኝ። ቀን ቢሮ፣ ማታ ጋራዥ፣ ቅዳሜና እሁድ ትራክ። ስፖንሰር መጣም ቀረም መኪናዋ የምትነሳው በእኔ ደመወዝ ነበር። በራስሽ ገንዘብ የምትወዳደሪ ከሆነ ክላስ (የውድድር ምድብ) ስትመርጪ መኪናውን ለመግዛት መቻልሽን ብቻ አትይ። ሲሰበር መተካት ትችያለሽ ወይ? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ከክላሶቹ ሁሉ ፈጣኑ፣ ቶፕ ፊውል፣ ከ11,000 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው፣ በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሞተሩ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ተፈትቶ ይገጠማል። ይህን በደመወዝ አትሞክሪው። ተመልከቺው፣ አጨብጭቢለት፣ ወደ መኪናሽ ተመለሽ።

ለአንቺ የሚሆነው ብራኬት የሚባለው ክላስ ነው። አንዳንዶች የጀማሪ ጨዋታ አድርገው ይንቁታል። አትስሚያቸው። እዚያ በገንዘብ የተገዛ ፍጥነት ብቻውን አያሸንፍም። መኪናሽ 402 ሜትሩን በስንት ሰከንድ እንደምትጨርስ አስቀድመሽ መስታወቱ ላይ ትጽፊያለሽ። አንቺ 12.50 ብትጽፊና ተፎካካሪሽ 10.00 ቢጽፍ፣ የመነሻው መብራት ለአንቺ 2.5 ሰከንድ ቀድሞ ይበራል። ከጻፍሽው ፈጥነሽ ከገባሽ ግን ትወድቂያለሽ። ሁለታችሁም ከፈጠናችሁ የሚወድቀው አብልጦ የፈጠነው ነው። ቁም ነገሩ ፍጥነት ሳይሆን መኪናሽን ማወቅ ነው።

ሌላው አነሳስ ነው። ሦስቱ ቢጫ መብራቶች በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ይበራሉ፣ ከዚያ አረንጓዴው ይከተላል። አረንጓዴውን አይተሽ ከተነሳሽ ዘግይተሻል። ሦስተኛው ቢጫ ሲበራ ነው መልቀቅ ያለብሽ። ቀድመሽ ከወጣሽ ደግሞ ቀይ ይበራል፣ አለቀ። የመኪናሽ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው መስመሩን ስትለቂ ስለሆነ፣ ዘግይተሽ ብትነሺም ጥሩ ሰዓት ልታስመዘግቢ ትችያለሽ። ጥሩ ሰዓት ይዘሽ ተሸንፈሽ ወደ ቤት! ያበሽቃል። ግን አነሳስ በልምምድ ይስተካከላል፣ ልምምድ ደግሞ ከአዲስ ሞተር ይረክሳል። ከየሩጫው በኋላ የሚሰጡሽን፣ ሰዓትሽ የተጻፈበትን ወረቀት አትጣይ። የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበቱን፣ የጎማውን ንፋስ ከጀርባው ጻፊበት። ከወራት በኋላ መስታወቱ ላይ ምን እንደምትጽፊ የሚነግርሽ ያ ክምር ነው።

የዓመቱን በጀት ስታወጪ ሲሶውን ለስብራት አስቀምጪ። ለመወዳደር አትበደሪ። ያገለገለ ሞተር፣ ያገለገለ ካምቢዮ፣ ያገለገለ ተጎታች ግዢ፣ ችግር የለም። ሄልሜትና ቀበቶ ግን አዲስ ይሁን። በዚህ ላይ አልከራከርም።

አሁን ወደ ወንዶቹ። በዚህ ስፖርት የሴቶች ምድብ የሚባል የለም፣ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ይቆማል። አሜሪካዊቷ ሸርሊ ማልዳውኒ በ1977፣ በ1980 እና በ1982 የቶፕ ፊውል ሻምፒዮን ሆናለች። በ1984 ክፉኛ ተጋጭታ እግሮቿ ተጎዱ፣ በ1986 ተመልሳ ነዳች። ሌላዋ አሜሪካዊት ኤሪካ ኤንደርስ በ2014 ፕሮ ስቶክ የሚባለውን ክላስ ዋንጫ ስትወስድ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች፣ ከዚያ በኋላም ደጋግማ ወስዳለች። ስለዚህ «ሴት ትችላለች ወይ?» የሚልሽ ሰው ላይ ጊዜ አታጥፊ።

የሚያደክመው ሌላ ነው። ስለ ሞተርሽ ትጠይቂያለሽ፣ እቃ ሻጩ መልሱን ጎማ ሊሸከምልሽ ለመጣው ወንድምሽ ይሰጣል። እኔ ያኔ ዝም ብዬ ቀጣዩን ጥያቄ እጠይቅ ነበር፣ ከፊተኛው ጠንከር ያለውን። ፍሪሲዮን መፍታትና መግጠም ተማሪ። ለማንም ለማሳየት ብለሽ አይደለም፣ የእጅ ዋጋ ስለሚያቆጥብልሽ ነው።

ስፖንሰር ከመጣ ደስ ይበልሽ፣ ግን በወረቀት ይሁን። ማስታወቂያው የት እንደሚለጠፍ፣ ስንት ውድድር ላይ እንደምትገኚ፣ ገንዘቡ መቼ እንደሚገባ ይጻፍ። መኪናዋን ሳይሆን ምን ለብሰሽ ፎቶ እንደምትነሺ መነጋገር የሚያበዛ ሰው ከሆነ፣ አመስግነሽ ሸኚው።

አንድ ዓመት ልታቆሚ ትችያለሽ። ልትወልጂ ትችያለሽ፣ ሥራሽ ሊቋረጥ ይችላል፣ ወይም እንዲሁ ሊደክምሽ ይችላል። የራስሽ መኪና ናትና ማንም አያባርርሽም። ብቻ ስታቆሚያት ባትሪውን ንቀይው። በሜታኖል (የአልኮል ነዳጅ) የምትሄድ ከሆነ የነዳጅ መስመሩን በደንብ እጠቢ፣ አለበለዚያ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ቀበቶውንም እይው። የአገልግሎት ዘመኑ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፣ ቆማ የከረመች መኪና ላይም ይቆጠራል።